አቤቱታ በክራር

ቦንጋ ውስጥ ክራር መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። አስተማሪዬ ጡረተኛው ጋሽ አድማሱ ባለፈው ቅዳሜ፣ «የእኔን ዜማ መቅዳት ይብቃህ። ሆድህ ውስጥ ያለውን ተናገር፣ ጣትህ ይከተልህ» አሉኝ።

ሆዴ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ነው። ከክፍሌ አንደኛ ወጥቼ ሳለ የረዳት መምህርነቱ ቦታ ለሌላ ሲሰጥ ለተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የጻፍኩት፣ እስከ ዛሬ መልስ ያጣ አቤቱታ። ዓይኔን ጨፍኜ እሱኑ ማዜም ጀመርኩ። ጣቶቼ ቢደናበሩም ቀጠልኩ።

«የተማሪዎቼን ስም የምጠራበትን ቀን...» ስል ጣቴ ክሩን ስቶ ዜማው ተቋረጠ።

«'ዛሬም በናፍቆት እጠብቃለሁ' ነው የሚለው» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«እንዴት አወቁት?»

«ጡረታ እስክወጣ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። አለቆቹ አልከፈቱትም እንጂ እኔስ ስንቴ አንብቤዋለሁ!»