ከአሪየት ለቅሶ ላይ የተነሱ ወንበሮች

ጠዋት «አሪየት ሞተች» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ሳይ ስለ ፊልሙ የሚያወሩ መስሎኝ አለፍኩት። ፊልሙ ላይ የሞተችው ባለፈው ሳምንት ነዋ። እኔም ከአልቃሾቹ አንዷ ነበርኩ።

ደግሜ ሳነበው የላከችው ጎረቤቷ ናት። ወባ ነው ይላል። አሁን ከቀብሯ ተመልሼ ይህን ስጽፍ እንኳ አላመንኩም።

ለማታውቋት፣ አሪየት እዚህ ጋምቤላ ገበያው አጠገብ ማንጎ ዛፍ ሥር ፀጉር የምትሠራ ሴት ነበረች። እትዬ ስላት «አታስረጂኝ» ትለኝ ስለነበር በስሟ ነው የምጠራት።

እኔ ብዙ አላወራም። ሌሎቹ ፀጉር ሠሪዎች «ይቺ ልጅ ምላሷን ቤት ረስታ መጣች» እያሉ ይስቁብኛል። አሪየት ግን ራሴን ጉልበቷ መሃል ታደርግና «ጭንቅላትሽን ስጪኝ፣ ሐሳቡን አንቺው ያዢው» ትለኛለች። ከዚያ ብቻዋን ታወራለች። ምንም ሳልላት መሃል ላይ «እውነትሽን ነው» ብላ ትቀጥላለች።

ፊልም ሠሪዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡት ክረምቱ ሲወጣ ነው። የፊልሙ ታሪክ ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ጋምቤላ ገና አዲስ ክልል በሆነችበት ጊዜ የተፈጸመ ነው። የዚያን ጊዜ ሴቶች የሚሠሩትን ሹሩባ ስለምታውቅ አሪየትን ቀጠሯት። ጨዋታዋን ሲሰሙ ደግሞ የዋናውን ልጅ እናት ሆነሽ ተውኚ አሏት።

ሥራ እንደጀመሩ ሾፌራቸው በጎሬ መንገድ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ዛሬ አሪየት ስትጨመር ከተማው በሙሉ ፊልሙ ሰው ይበላል እያለ ነው። በቁሟ ስላለቀሳችሁባት ነው የሚሉንም አሉ።

እኔ ፊልም ሰው ይበላል ብዬ አላምንም። የምጠረጥረው ሰዎቹን ነው።

ባለፈው ሳምንት የፊልሙ ሞቷ ሲቀረጽ አሪየት ነጭ ጨርቅ ተሸፍና አልጋ ላይ ተኛች። እኛ ዙሪያዋን ሆነን አለቀስን። አንዷ ከፍ አድርጋ ስትጮህ ከጨርቁ ሥር የአሪየት ድምፅ መጣ።

«ይቺ ማናት? ታምሜ ስተኛ ውሃ እንኳ አላቀበለችኝም።»

ሁላችንም ሳቅን። እንደገና ተቀረጸ፤ እንደገና ሳቅን። ዳይሬክተሩ ተናደደ። «ይሄ ሰርግ ነው እንጂ ለቅሶ አይደለም። እውነተኛ ለቅሶ ካላገኘሁ ይሄ ፊልም አያልቅም» ሲል አጠገቡ ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ።

በነጋታው አሪየት ብርድ ብርድ ይለኛል እያለች ባሮ ዳር ስትቀረጽ ዋለች። ጤና ጣቢያ መቼ እንደሄደች ሰው ብጠይቅ፣ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ዛሬ ለቅሶ ቤት ስደርስ ፊልም ሠሪዎቹ ቀድመውኛል። ሊያግዙ የመጡ ነው የሚመስሉት። ግን ዕድሩ ያመጣቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች እየሰበሰቡ ከቤቱ ጀርባ ይከምራሉ። በቦታው ሰሌን አነጠፉ። የዕድሩ ስም የተጻፈበትን የድንኳን ሸራ አወረዱት። እኛን ወጣቶቹን ደግሞ ለሟች ክብር ስልካችሁን አስገቡ አሉን።

ወንድሟ ከፑኝዶ ገና መድረሱ ነበር። ካሜራውን ሲያይ ምንድነው ብሎ ጠየቀ። ለቤተሰቡ ማስታወሻ እንዲሆን ነው አሉት። አመሰገናቸው።

እኔ ዓይኔ ወንበሮቹ ላይ ቀረ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊቶች እየተደጋገፉ መሬት ይቀመጣሉ፤ ወንበሩ ከጀርባ ተከምሯል። ለምን?

ከዚያ ገባኝ። ፊልሙ በሚያወራበት ዘመን እንዲህ ዓይነት ወንበር አልነበረም። በሰው እጅ ስልክ አልነበረም። ለቤተሰብ ማስታወሻ ከሆነ ወንበሩ ምን አደረጋቸው?

ሴቶቹ እየጮሁ ገቡ። ካሜራውም ዞረ። እኔ አላለቀስኩም።

ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ክንዴን ቆነጠጡኝ። «አንቺ፣ በእጇ አድገሽ ዛሬ እንባ አጣሽላት?»

«ለፊልሙ እየቀረጹን ነው፣ እትዬ።»

«ማን አለሽ?»

«ወንበሮቹን ይዩአቸው።»

ዞረው ክምሩን አዩ። ቀጥለው ካሜራውን አዩ። የሆነ ነገር ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ዝም አሉ። አጠገባቸው ላለችው በጆሮዋ ነገሯት። እሷም ዝም አለች። ዝምታው እንደዚያ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሄደ። እኔ ከዚያ በፊት ሰው መሃል ተናግሬ አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብሎ መጣ። ድምፁ በጣም ለስላሳ ነው።

«እናቶች፣ ምነው ቆመ? ትንሽ ብቻ ቀጥሉልን።»

ወንድሟ ሰማው። ቀስ ብሎ ተነሳና ካሜራው ፊት ቆመ። «ቀጥሉልን ነው ያልከው?» አለው።

እስከዚያ የቀረጻችሁትን አጥፉ ተባሉ። አጠፋነው አሉ። ሲያጠፉ ግን ያየ ሰው የለም። መኪናቸው ከቀብሩ በፊት ሄደ።

ስለዚህ ፊልሙ አንድ ቀን ከወጣና ሰሌን ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱ ሴቶች ካያችሁ፣ እንዴት ጎበዝ ተዋንያን ናቸው እንዳትሉ። ያ የአሪየት ለቅሶ ነው። እባካችሁ ፊታችሁን አዙሩላት።

አሪየት፣ ደህና ሁኚ። ቤትሽ መጥቼ ሳላለቅስልሽ ሄድኩ። ቀብርሽም ላይ ያ ካሜራ ከአንዱ ዛፍ ኋላ ያለ እየመሰለኝ ዙሪያዬን ሳይ ነበር። አንዳንዶች ልበ ደንዳና ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ይበሉ። አሁን ይህን ልለጥፈውና ስልኬን ላጠፋው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ላንቺ ብቻ ነው።