የአርባ ቀን ዋስ

ዛሬ ጠዋት ጌሾ በላሁ። ሳቅ፣ ግድ የለም፤ ልጄም ሆዷን ይዛ ስትስቅ ነው ያረፈደችው። ለጠላ የተገዛ፣ ገና ከእርጥበቱ ያልወጣ ጌሾ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል፤ እኔ ከጎኑ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ከመንገዱ ማዶ አንድ መኪና ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም አድርጎ ነፋ። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር እኔን አትጠይቀኝ። ልጄ ከጓዳ ብቅ ስትል አባቷ ግራ ጉንጩን ወጥሮ፣ ለጋ ለጋውን እየመረጠ ይቀነጥሳል።

«እስቲ ቀዝቃዛ ውኃ አቀብይኝ» አልኳት፤ «ኦቾሎኒ ካለም አትጥይ።»

«አባዬ! ጌሾ እኮ ነው!»

ምሬቱ ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ። ጫት ካቆምኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አቆምኩ ስልህ ደግሞ ጀግና አድርገህ እንዳታስበኝ፤ እኔ ጫትን አልተውኩም፣ ጥርሴ ነው እኔን የተወኝ። ልጄ ነርስ ናትና አፌን እያስጉመጠመጠችኝ «አየህ፣ አንተ ብትረሳውም አንጎልህ አልረሳውም» አለችኝ። አዲስ ነገር የነገረችኝ መስሏታል። እሷ ሳትወለድ ይህንኑ የነገረኝ ሰው ነበር፤ ያውም ሐኪም አይደለም፣ ራዲዮ ጠጋኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከተማችን ናዝሬት በምትባልበት፣ ሰው ሁሉ በፈረስ ጋሪ በሚመላለስበት ዘመን። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከገበያው ጀርባ አንዲት ቆርቆሮ ቤት በኮምፔንሳቶ ለሁለት ተከፍላ ግማሿን እኔ፣ ግማሿን ራዲዮ ጠጋኙ ተከራይተናታል። ከእሱ በኩል የሚቀልጥ እርሳስ ይሸታል፤ ከእኔ በኩል በካውያ የተለበለበ ጨርቅ። ቆርቆሮው በፀሐይ እየተንጣጣ፣ የናዝሬት አቧራ በበሩ ሥር እየገባ፣ እሱ አንዱን ጣቢያ ከሌላው ሲያማታ፣ እኔ መኪናዬን እየረገጥኩ እንውላለን። ስምንት ሰዓት ሲሆን የጫት መኪናዋ በሐረር መንገድ ትደርስና ጥሩምባዋን ትነፋለች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ያን ጊዜ ሥራ የሚባል ነገር በሰፈራችን ያበቃል።

ሦስት አራት ሆነን በእሱ ጓዳ እንቅም ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ የአዋሽን ወንዝ በቧንቧ ስበን ከተማውን ብርቱካን በብርቱካን እናደርገዋለን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን አንዳችን የአንዳችንን ፊት ማየት እንጠላለን። በምርቃና የሰፋኋቸው ሱሪዎች ዛሬም በሕይወት ካሉ አንዱ እግራቸው አጭር ነው።

ራዲዮ ጠጋኙ ጓደኛዬ የወደዳት ልጅ የመጣችው ከሁሩታ ነው፣ የተበላሸ ራዲዮ ታቅፋ። አባቷ ወፍጮ ቤት ነበራቸውና ነጠላዋ የገብስ ዱቄት ይሸታል። ራዲዮው በአንድ ቀን የሚሠራ ነበር፤ ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ አመላለሳት። በአራተኛው ሽማግሌ ላከ።

አባቷ ከሸዋ ደጋ የወረዱ፣ ቃላቸው እንደ ወፍጯቸው ድንጋይ የከበደ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፦ «ቅጠል የሚበላ ፍየል ነው፤ ልጄን ለፍየል አልድርም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሲለምኗቸው ትንሽ ላሉ። «ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሣው። አርባ ቀን ከቅጠሉ ይራቅና እንደ አዲስ ተወልዶ ይምጣ። አለመቃሙን የሚመሰክር ዋስ ግን ይጥራ።»

ከናዝሬት ሕዝብ መካከል ዋስ አድርጎ የጠራው እኔን ነው። ጅብ ቆዳ ጠባቂ ሆኖ ሲሾም አይተህ ታውቃለህ? ተሾምኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ «አላስነካውም፤ እኔም አብሬው እተዋለሁ» ብዬ ማልኩ። ከስምንት ሰዓት እስከ ማታ ከጎኑ ሳልለይ ልቀመጥ፣ በአርባኛው ቀን ያየሁትን ልናገር። የዋስ ሥራዬ ይኸው ነው።

እኔ የቆየሁት ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ጎህ ሲቀድ ቤቴ ዘግቼ ቃምኩና ጥርሴን በከሰል ፈግፍጌ ሥራ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ የማለዳ ልማዴ ሆነ። እሱ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። አምኖኝ ነው።

እሱ ግን የእውነቱን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ዱካኩ መጣበት። ጫት የለመደ ሰው ሲያቋርጥ በእንቅልፉ መጥቶ የሚጫነውን ነው ዱካክ የምንለው። «ደረቴ ላይ ቁጭ ይልና ድርሻዬን አምጣ ይለኛል» ይል ነበር ላቡን እየጠረገ። በሁለተኛው ሳምንት ዱካኩ ቀለል አለ፤ የባሰው ተተካ። ምግብ አይጣፍጠው፣ ጨዋታ አያስቀው። የጠገነው ራዲዮ እየዘፈነ እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

«ምን ሆነሃል? አገሩ የሚወደው ዘፈን እኮ ነው» አልኩት አንድ ቀን።

«ይሰማኛል። ግን አይደርሰኝም።» የአንዱን ራዲዮ ሆድ ዕቃ ከፍቶ አሳየኝ። «ከውጭ ሌላ ሰው፣ ጫቱ በለው፣ መጥቶ ድምፁን ሲያስጮህብህ፣ ጭንቅላትህ ደንቁሬ ልሞት ነው ይልና ከውስጥ የራሱን ቁልፍ ዝቅ ያደርጋል። እሱ ዝቅ ሲል አንተ ትጨምራለህ፤ አንተ ስትጨምር እሱ ዝቅ ይላል። አንድ ቀን የውጭውን ስታባርረው ቁልፉ ታች እንዳለ ትቀራለህ። ልጅቷን አስባታለሁ፤ እንደምወዳት አውቃለሁ። ድምፁ ግን የለም።»

«ታዲያ ተመልሶ ከፍ አይልም?»

«ይላል። ቀስ ብሎ። ሰው የሚያልቀው እሱን ሲጠብቅ ነው።»

ጥሩምባዋ ስትነፋ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይይዛል። «አፌ እኔን ሳይጠይቅ በምራቅ ይሞላል» ብሎኝ ነበር። በምሥጢር የነገረኝን ወስጄ ለጓደኞቻችን ሰጠኋቸው። ከመካከላቸው አንድ ጋሪ ነጂ ነበር፤ የጫት መኪናዋን ጥሩምባ በአፉ አስመስሎ መንፋት ይችላል። በአራት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ ሲያሻው እየመጣ ከበሩ ውጭ ይነፋለታል። ጓደኛዬ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ሁልጊዜ ብድግ ይላል! ከዚያ ነቅቶ ሲቀመጥ ውጭ ያሉት በሳቅ ይፈርሳሉ። «ቄሱ! ጸበሉ ደርሷል፣ ውጡ እንጂ!» ይሉና የተቃመ ገራባቸውን በበሩ ሥር ይወረውሩለታል። እኔ ዋሱ በኮምፔንሳቶው ማዶ ሆኜ እንዳይሰማብኝ ጨርቅ ነክሼ እስቅ ነበር።

በሠላሳ አራተኛው ቀን አንድ ዘፈን እየተሰማ ሥራውን አቆመ። ጆሮውን ወደ ራዲዮው አዘነበለ።

«መጣ» አለ።

«ማን?»

«ድምፁ።» ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይስቃል። የጠጣውን ሻይ «ይኼ ሻይ እንዲህ ይጣፍጥ ነበር እንዴ?» ብሎ ደገመ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረን ከርመን እሱ እጁን አፋፉ ላይ ሲያሳርፍ ያየሁ መሰለኝ። እግሩን መያዝ አማረኝ። በዚያው ሳምንት የልጅቷ አባት የገዛ ራዲዮአቸውን እንዲጠገን ላኩ፤ በአርባኛው ቀን ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል ተብሎ። ይህ በሁሩታ ቋንቋ «ልጄን ሰጥቼሃለሁ» ማለት ነው። ጓደኛዬ ከሌላው ሥራ ሁሉ አስቀድሞ እንደ ሕፃን ያባብለው ጀመር።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ እስር ጫት በኮቴ ሥር ይዤ ገባሁ። የተጠቀለለበት የኮባ ቅጠል ገና ውኃ ያንጠባጥባል። ሽታው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ፤ የመበየጃው ካውያ እጁ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«መፈተኛ» አልኩት። «ሠላሳ ስምንት ቀን ስለሸሸሃት አሸነፍካት ማለት ነው? የሸሸ አሸነፈ አይባልም። አንድ ቀንበጥ ቅመህ እንቢ በላት፤ ጌታዋ መሆንህን ያን ጊዜ እኔም አፌን ሞልቼ እመሰክራለሁ።»

በዚያ ዘመን ብዙ ቃሚ የሚያምናት ሞኝነት ናት፤ የተወ ሰው መተዉን በአንድ ቅጠል ያረጋግጣል። እኔ ግን አላመንኳትም። አውቄ ነው።

«ሁለት ቀን ነው የቀረኝ» አለ። ልመና ነበር።

«እንግዲያ ምን ያስፈራሃል?»

አንዲት ቀንበጥ ወሰደ። ካውያውን እንደጋለ ከፊቱ አጋደመው፤ የት እንዳጋደመው አላየም። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ሰላም ወረደ፤ ሰላሙ ሳይረጋ ዓይኑ እስሩን መፈለግ ጀመረ። ሁለተኛዋን አልጠየቀኝም፣ ከእጄ ነጠቀኝ። ሠላሳ ስምንት ቀን የተገነባው አንድ ሰዓት አልቆመም። እስሩ ሲያልቅ አንዱን ጫማ ሳያጠልቅ ወደ ገበያ ሮጠ። የጫት ነጋዴዋ በኋላ «አካም ጅርታ እንኳን ሳልለው ነው የመነተፈኝ» ብላኛለች።

እኔ ከቦታዬ አልተነሣሁም። ከእስሩ እኔም ስቀነጥስ ቆይቼ ምርቃናዬ መጥቷል። ከአዋሽ የሚመጣው ቧንቧ ስንት ክንድ ስፋት እንደሚኖረው እያሰላሁ ሳለ የሚቃጠል ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ካውያው የአባቷ ራዲዮ ላይ ተጋድሟል፤ የራዲዮው ፊት እንደ ሻማ እየቀለጠ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። ግን ስሌቱ ሊጠፋብኝ ሆነ፤ መጀመሪያ ቧንቧውን ልጨርስ አልኩ።

በአርባኛው ቀን አባቷ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ። ራዲዮአቸውን አንሥተው የቀለጠውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ቅመሃል?»

«ቅሜአለሁ አባባ» አለ ጓደኛዬ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ዋሱ፣ አንተስ ምን አይተሃል?»

«እኔ... በሰዓቱ አልነበርኩም» አልኩ።

ጓደኛዬ አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር እኔ አልቄ ነበር፤ እሱ ምናልባት ይድን ነበር። እሱ ግን ወደ ጫማው አቀረቀረ። አባቷ የተቃጠለ ራዲዮአቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ።

ጓደኛዬ ከዚያ ወደ ዓለም ጤና ሄዶ ለሽንኩርት ገበሬዎች የውኃ ሞተር ይጠግን ነበር። ሁለት ጊዜ ትቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው ተወ፤ ዋስ ሳይጠራ፣ ለማንም ሳይናገር። የተወላት ሴት ግን ያን ጊዜ የሰው ሚስት ነበረች። ሳያገባ ሞተ። ቀብሩ ላይ ከጎረቤቶቹ አንዱ «ስለ አንተ ሁልጊዜ በደግ ነበር የሚያነሣው» ሲለኝ ባያነሣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሞቱ ይልቅ የሚቆጠቁጠኝ ግን ሌላ ነው። ከአርባኛው ቀን ሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ለገበያ ብላ ናዝሬት መጥታ የእኔ በር ላይ ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ጉንጬ ሙሉ ነው። ቶሎ ብዬ በእጄ ሸፈንኩት።

«ወንድሜ፣ አባቴ ለሌላ ሰው ቃል ሊሰጥ ነው» አለችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ራሱ ሄዶ ነው የጀመረው ወይስ ሰው ሰጥቶት? ራሱ ከሆነ ይቅር። ሰው ከሆነ ግን ከአባቴም ቢሆን እጣላለሁ፤ እጠብቀዋለሁ።»

አፌን ብከፍት አረንጓዴው ይወጣል። ጉንጬን እንደያዝኩ «ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኳት። «ነገ እነግርሻለሁ።»

እሷ ለነገ እንደማትመጣ አውቅ ነበር። ከሁሩታ ሁለት ቀን አከታትሎ የሚለቃት የለም።

«እግዜር ይማርህ» አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጋሪዎቹ ሄደች። ዱቄት ዱቄት የሚል ሽታዋ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ።

ዛሬ ባሏ ሞቶ እዚያው ሁሩታ አባቷ ግቢ እንደምትኖር ሰምቻለሁ። ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። የጠየቀችኝም ትንሽ ነገር ነው፤ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» የምትል መልስ። እስካሁን አላደረስኩላትም።