ከወለል የተጠረገ ቀለበት

አንጥረኛው የሚስቱን የጋብቻ ቀለበት ሸጦ፣ ወርቅ ሊያወጣ ከመጣ የውጭ ኩባንያ አክሲዮን ከገዛ ስምንት ዓመቱ ነው። «ከመጀመሪያው ወርቅ የጣትሽን እመልሳለሁ» ብሏት ነበር። መንግሥት ግን የቁፋሮ ፈቃዱን ዛሬ ነገ ሲል፣ ወርቁ ከተራራው ሆድ፣ ጣቷም ባዶውን ቀረ።

በዘንድሮው የባለአክሲዮኖች ስብሰባም የኩባንያው ቦርድ ሰብሳቢ እንደ አምናው «ፈቃዱ በቅርቡ ይፈረማል» አሉ።

አንጥረኛው ተነሣ። «ጌታዬ፣ ይህ በቅርቡ የሚሉት አገር ስንት ቀን ያስኬዳል?»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ግን ሳቁ ሳያልቅ ወጣ።

ሱቁ ገብቶ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጣሳ ሳበ። አንጥረኛ የወለሉን ጥራጊ አይደፋም፤ ከሞረድ የበነነ ወርቅ አለበት። የስምንት ዓመቱን ጥራጊ ሲያጥብና ሲያቀልጥ ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ እያለ አንጎራጎረ፦

«ተራራው ላይ ወርቅ አለ ብለው ቢያስጠብቁኝ፣
ስምንት ክረምት አልፎ ጸጉሬን ብር አረጉኝ።»

አንዲት ቀጭን ቀለበት ወጣችለት። ይዟት ቤት ገባ።

«እሰይ፣ ፈቃዱ ተፈረመ?» አለች ሚስቱ።

«የዚህኛው ሚኒስትር አንቺ ነሽ፤ በይ ፈርሚ።»

ጣቷን ዘረጋችለት። ቀለበቷ ግን አንጓዋ ላይ ስትደርስ እምቢ አለች።

«ስምንት ዓመት ቆሞ የማይወፍር ጣት አለ እንዴ?» አለች፣ ሳቋንም እንባዋንም በመዳፏ እየጠረገች። «አስፍተህ መቼ ታመጣልኛለህ?»

«በቅርቡ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠውና «ነገ ጠዋት» አላት።