ለቴሌቪዥኑ ፖሊስ «ኖር!»

አያቴ ከቴሌቪዥን የሚወዱት አንድ ድራማ ብቻ ነበር። ባለታሪኩ የገጠር ፖሊስ ነው፤ ጫጩት የነጠቀ ጭልፊት ካልከሰስኩ ብሎ የሚሟገት ጉደኛ። ፖሊሱ ሰው ቤት ሊገባ ሲል ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ያኔ አያቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ ይላሉ፤ «ኖር!»

እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። «አባባ፣ እሱ እኮ አያይዎትም!»

«እኔስ አየው የለ?»

ፖሊሱ ለድራማው ሰዎች «በእግዜር» ሲል፣ ለእርሳቸው የመለሰ ያህል ረክተው ይቀመጣሉ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አንድ ቀን ኦሎምፒያ ጀርባ ያለችውን ቤታችንን ታጣቂዎች ለፍተሻ በርግደው ገቡ። አያቴ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«አንተ ሽማግሌ፣ አትነሣም እንዴ?» አለ አንዱ።

«‹ቤቶች› ብለህ ብትገባ ኖሮ ገና ድሮ ተነሥቼልህ ነበር።»

እናቴ ክው አለች። ሰውየው ትክ ብሎ አያቸውና ወደ ጓዳ አለፈ። ሲወጣ ግን በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ካረፉ ዘመን አልፏል፤ ወንበራቸው ላይ ግን ዛሬም የሚቀመጥ የለም። ሰሞኑን ያ ድራማ ተደግሞ ታየ። ፖሊሱ «ቤቶች!» ሲል ሳላስበው ብድግ አልኩ። ዘወር ብዬ ባዶውን ወንበር አየሁት፤ ቀድመውኝ የተነሡ ይመስላል።