ሒሳቡ የማያውቃት ጉተታ

ቤተ ሙከራው ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ እትዬ ሽቦ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስትወጥር የኖረች ሴት ታዲያ ምን ትባል? መጀመሪያ ሥራዋ ምድር ቤት ነበር። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ቅንጣቶች ሲያልፉ የሚቆጥር፣ በር የሚያህል ሣጥን ውስጥ አራት ሺህ ሽቦ አንድ በአንድ ወጥራለች። ሣጥኑ አርጅቶ ሲዘጋ ከነወረንጦዋ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ የመዳብ መረብ መሥራት ጀመረች። ነርስ የሆነችው ልጇ «እማዬ፣ አሁንስ እረፊ» ስትላት «ስሞት አርፋለሁ» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

መረቡ መሀረብ ቢያክል ነው። ስልሳ አጫጭር ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ተበይደውበታል። ዓላማው አንዷ ሽቦ ስትበጠስ ሸክሟ በማን ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ ነው፤ ያንን ያወቀ ሰው ድልድይም ሆነ የመብራት መስመር ከየት ጀምሮ እንደሚፈርስ ያውቃል። ሒሳቡ የአንድ ቀጭን ወጣት ዶክተር ነው። ቀመሩ «መጀመሪያ የምትበጠሰው ይህች ናት» ብሎ ይጠቁማል፣ እትዬ ሽቦ መረቡን ትሠራለች፣ ማሽኑ ይስበዋል፣ ሌላ ሽቦ ትበጠሳለች! በሁለት ዓመት አርባ መረብ ተሠርቶ ቀመሩ የቀናው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ሲናገር በበሩ በኩል ስታልፍ ሰማችው።

«ሒሳቡን ሦስት ሰው መርምሮታል፣ እንከን የለውም። እትዬ እጃቸው ደክሟል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መረቡን ውጭ እናሠራው።»

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያለ መረብ እዚህ ቤት ምን ትሠራለች? የቀሩትን አሮጌ መረቦች እያወጣች ብየዳቸውን በማጉያ መነጽር መረመረች። አንድም የተንሻፈፈ የለም። በንዴት ዶክተሩ የዛሬ ሁለት ዓመት የሰጣትን የሥራ መመሪያ ከመሳቢያ አወጣች። ያኔ «ሽቦ መበየድ ማን ሊያስተምረኝ!» ብላ ሳታነበው ያስቀመጠችው ነው። ሦስተኛው መስመር «ሽቦዎቹ ፈጽሞ ሳይሳቡ ይበየዱ» ይላል።

መስመሩን ደግማ አነበበችው። ምድር ቤት ሳለች አንዲት ሽቦ ቆይታ ከረገበች ሣጥኑ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ሽቦ ከመታሰሯ በፊት አንዴ ሳብ ተደርጋ ትሟሽ ነበር። ያ ልማድ ከእጇ ጋር ደረጃውን ወጥቶ መጥቷል። ስልሳ ሽቦ፣ ስልሳ ጉተታ፣ በአርባ መረብ!

አርባ አንደኛውን ሳትስብ ብትሠራውስ? ቀመሩ ይሠምራል፣ እጇም ዳነ ይባላል፣ ማንም አያውቅም። ወረንጦውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ተነሥታ ዶክተሩ ዘንድ ሄደችና አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

አሁን ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች።

«ከየት ጀምረው ነው የሚስቡት?»

«ከቀኝ ጥግ፤ ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ?»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አይደል የሚባለው!»

ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «እትዬ፣ መዳብ እኮ የደረሰበትን አይረሳም! በተራ የተሳበ መረብ ገና ማሽኑ ላይ ሳይወጣ ሸክም አለበት! የኔ ቀመር ደግሞ አዲስ የተወለደ ያህል ነው የሚቆጥረው! በምን ያህል ኃይል ነው የሚስቡት?»

«ሽቦዋ ይበቃኛል እስክትል።»

«በቁጥር ይንገሩኝ!»

«ቁጥሩን እኔ ምን አውቄ!»

መለኪያ አመጣና ሽቦ አሰረበት፤ ቁጥሩን እንዳታይ ፊቷን አዙሮ ሃያ ጊዜ አስጎተታት። በጩኸቱ ኃላፊውም መጣ። ሰማንያ ግራም። ሰማንያ። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አደረገው። ዶክተሩ «እስቲ እኔም» ብሎ ቢሞክር አንዴ አርባ፣ አንዴ መቶ ሠላሳ አመጣና በሦስተኛው ሽቦዋን በጠሳት። ኃላፊው ሳይቀር ሳቀ።

ሰማንያ ግራም ከቀኝ ጥግ ተብሎ ቀመሩ ውስጥ ገባ። የአርባዎቹ መረቦች ስሌት እንደ አዲስ ተሠራ። ዶክተሩ ጠረጴዛውን መታ።

«ሠላሳ ስድስት! ከአርባ ሠላሳ ስድስቱን አገኘ!»

«ያለፈውን ማወቅማ ቀላል ነው» አለ ኃላፊው። «ገና ያልተሳበውን ይንገረኝ።»

እትዬ ሽቦ አርባ አንደኛውን መረብ እንደ ልማዷ እየሳበች ሠራችው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ የቀመሩን መልስ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፤ ሽቦ ቁጥር አሥራ ሰባት። ማሽኑ መሳብ ጀመረ። የጎረቤት ክፍል ሰዎች ሳይቀሩ ወሬውን ሰምተው በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። መረቡ ተለጠጠ፣ ተወጠረ፣ አንዲት ቀጭን ድምፅ ጧ አለች።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። አላመነም፤ ደግሞ ቆጠረ።

«አሥራ ሰባት!»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ዶክተሩ እትዬ ሽቦን አቅፎ ከመሬት አነሣት፤ እሷም እየሳቀች፣ እንባዋም እየወረደ «አውርደኝ አንተ ልጅ!» ትለዋለች። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያላት ልጇን የወለደች ቀን ብቻ ነው።

ሰዉ ሲበተን ኃላፊው ጠረጴዛዋ አጠገብ ቀርቶ አቀርቅሮ ቆመ።

«እትዬ፣ ሰኞ ዕለት ስለ እጅዎ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«ተሳስቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አድርጌያለሁ» አለችና አዲስ ሽቦ ከጥቅሉ መዘዘች። «አሁን ወዲያ በልልኝ የኔ ልጅ፣ ብርሃኑን ጋርደህብኛል።»