ሳል የሚሸፍን ሬዲዮ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ አሮጌ ሬዲዮ የሚሸጥ ሰውዬ ነበር። ዕቃው ከድሬዳዋ በባቡር ነው የሚመጣለት። እኔ ልገዛ ስሄድ ግራ ገባው። አንዱን ይከፍትልኛል፣ «ከዚህ የበለጠ የሚጮህ የለህም?» እለዋለሁ።

«ሰው ጥራት ይጠይቃል፤ አንቺ ጩኸት ብቻ!» አለኝ።

ሳቅሁ። ምን ልበለው? ታናሽ ወንድሜ ጓዳ ተደብቋል፣ ይስላል፣ ሳሉን የሚሸፍንልኝ እፈልጋለሁ ይባላል?

ዘመኑ ደርግ ወጣቱን ከየመንገዱ እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚልክበት ነበር። ወንድሜ ከጥጥ እርሻ ሥራው ሳል ይዞ መጣ፤ አፈሳው ሲጀመር መጋረጃ ወደጋረድኩባት ጓዳ ገብቶ ቀረ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ቀን ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ውጪ ይሰማል።

ሬዲዮው ደግሞ አመለኛ ነበር። ጠዋት ሲጮህ ይቆይና ሙቀቱ ሲበረታ ድንገት ጭጭ ይላል። ከፍቶ ማየት ለመድኩ። የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያው ዝጎ ነበር፤ በቢላ ፋቅሁት። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። አንዲት ቀጭን ሽቦ ከተበየደችበት ተላቃ ኖሮ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልዬ ወተፍኳት። ጠጋኝ ዘንድ መውሰድማ አይታሰብም፤ ሬዲዮው እዚያ በዋለ ቁጥር ወንድሜ ትራስ ነክሶ ሊውል ነው።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። በእኛ ሰፈር ሬዲዮ ያለው ቤት የሁሉም ቤት ነው። የዜና ሰዓት ሲደርስ ጎረቤት በርጩማውን ይዞ ከተፍ ይላል። «አትግቡ» ማለት «የምደብቀው አለኝ» ማለት ነው። ከድጡ ወደ ማጡ! ሰው እንዳይሰማብኝ የገዛሁት ሬዲዮ ሰፈሩን ሰብስቦ መጋረጃው ሥር አስቀመጠብኝ። ይባስ ብሎ የቀበሌው አብዮት ጥበቃም ይመጣል፤ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ከፊት ይቀመጣል። ሰውየውን ጠላሁት። ሬዲዮውንም ጠላሁት፤ መዝጋት ግን አልችልም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ዜናው እየተነበበ ጭጭ አለ። ተንደርድሬ ጀርባውን ከፈትኩት። ያቺ ሽቦ ጠፋችብኝ። ያኔ ከመጋረጃው ኋላ ታፍኖ የቆየው ሳል ፈነዳ። ረጅም ነበር።

ሰው ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞረ። ከዚያ ከወሎ መጥታ ሱቅ የከፈተችው ጎረቤቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ መሳል ጀመረች።

«ያ ረቢ! ይኸ አቧራ ጨረሰን እኮ!» አለች።

አጠገቧ ያለውም ሳለ። ከዚያ ሁሉም ሳሉ።

አብዮት ጥበቃው ብቻ አልሳለም፤ መጋረጃውን ያያል። ተነሣና ጠመንጃውን አነገተ። ወደ መጋረጃው ሊሄድ ነው አልኩ። እሱ ግን ወደ በሩ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ቆመ።

«የዘማች ኮታ ሙላ ሲሉኝ፣ የሌላ ሰው ልጅ ከማስይዝ ብዬ የራሴን ሰጠሁ» አለ፣ ሳያየኝ። «ሌላ ልጅ የለኝም። ሬዲዮሽን ደኅና አድርገሽ ጠግኚው።»

ወጣ። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ በርጩማቸውን አነሡ። ሽቦዋን አገኘኋትና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ሰውየው አሳዘነኝ። ወዲያው ደግሞ የሚቀጥለው ኮታ መቼ ይመጣ ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀመርኩ።