ማርሹን የጠየቀው ሰውዬ

መድኃኒት በሞተር ለሚያደርስ አንድ ሰው ብቻ ክፍት የሥራ ቦታ ነበር። ለፈተና ከመጡት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ሰውዬ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ፎርሙ ላይ የቀድሞ ሥራ የሚለውን ባዶ ትቶታል። ሞተሩ ላይ ወጣና ቀስ ብሎ ጠየቀ፦

“ማርሹ አንደኛው ወደ ታች፣ የቀረው ወደ ላይ ነው አይደል?”

ተፈታኞቹ በሳቅ ፈረሱ። “ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ሳያውቁ ነው የመጡት?” አለ አንዱ።

ፈታኟ መካኒክ ስሙን ልትሰርዝ እስክሪብቶዋን አነሳች። ዓይኗ ግን ግራ ጫማው ላይ ቀረ። ማርሽ ሽቅብ ሲያነሳ የኖረ ጫማ አናቱ ይላጣል። የሱ አናቱ ደህና ነው፤ የተበላው ሶሉ ነው።

“ምን ዓይነት ሞተር ነበር የሚነዱት?”

“የውድድር” አለ እንደ ማፈር ብሎ። “የሱ ማርሽ የዚህ ግልባጭ ነው። አንደኛው ወደ ላይ፣ የቀረው እየረገጡ ወደ ታች። ኩርባ ላይ ሞተሩ መሬት ሊነካ ሲጋደም፣ እግር ከፔዳሉ ሥር አይገባማ። እግሬ ያንን ስለለመደ እንዳያሳስተኝ ብዬ ነው።”

ሞተሩን አስነሳ። ግቢውን ሁለቴ ዞሮ ሲመለስ ሞተሩ አንዴም አልተንገጫገጨም። የሚስቅም አልነበረም። መካኒኳ በስሙ ትይዩ “አልፏል” ብላ ጻፈች።

“ለመሆኑ ከነማን ጋር ነበር የሚወዳደሩት ጋሼ?” አለ ያ ቅድም የሳቀበት ልጅ።

ሰውዬው ያኔ ቀና አለ።

“መልካቸውን የት አውቄው ልጄ፤ ሁሉም ከኋላዬ ነበሩ።”